ከቪላው ፊት ፊት

ሥራ የጀመርኩት በእንጨት ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ቃሊቲ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከነበረው የኩባንያው ግቢ ስደርስ መንጃ ፈቃዴን በደረት ኪሴ ይዤ ነበር፤ መሪ የምጨብጥ መስሎኝ። ዋናው ሹፌር ጋሽ ወርቁ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ከጋራዡ ጥግ አንድ ረጅም ቀርከሃ አምጥተው አስያዙኝ።

«ይኼ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ቁመቴ ነዋ» አሉኝ። «ይኼ ያለፈበትን እኔ አልፈዋለሁ። ይኼ የነካውን ግን እኔ የማገኘው በጭንቅላቴ ነው።»

ኩባንያው መንገድ የሚሠራ የውጭ አገር ተቋራጭ ነበር። ዋናው ኢንጂነር ከሚስቱ ጋር የሚኖረው መኪና ላይ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለውን በፊልም ታያላችሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከአቃቂ እስከ ሞጆ ያለው ሰው ሥራውን አቁሞ ነበር የሚያየው። ርዝመቱ አሥራ አንድ ሜትር ይሆናል። አልጋ አለው፣ የጋዝ ምድጃ አለው፣ መታጠቢያ አለው፣ በመስኮቱ በኩል አበባ የተተከለበት ጣሳ ሳይቀር አለው። እኛ «ቪላው» እንለው ነበር። የሥራው ካምፕ ወደ መቂ ወይም ወደ ዝዋይ በተዛወረ ቁጥር ቪላውም ይከተላል።

የእኔ ማዕረግ «መንገድ ተመልካች ሹፌር» ነበር፤ ከረዳት በላይ፣ ከሁለተኛ ሹፌር በታች። ላንድሮቨር ተሰጠኝ። ቀርከሃውን ከፊት መከላከያው ላይ ቀጥ አድርጌ አስራለሁ። ቪላው ከመንቀሳቀሱ በፊት መንገዱን ሄጄ አየዋለሁ፤ ተመልሼ «የመንገድ ሁኔታ» የምትል አንዲት ወረቀት ሞልቼ እፈርማለሁ፤ ከዚያ ቪላው ሲወጣ ከፊት ፊቱ እመራለሁ። ወረቀቷ ላይ የእኔ ፊርማ ከሌለ ጋሽ ወርቁ ሞተር አያስነሱም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኢንጂነሩን ከነሚስቱ፣ ከነአልጋው የሚያንቀሳቅስ ፊርማ አለኝ እያልኩ ሰፈር ውስጥ ደረቴን ነፍቼ መሄዴን አልክድም።

ሥራው ከሚመስለው ይከብዳል። ለጭነት መኪና መንገድ የሆነው ሁሉ ለቪላው መንገድ አይደለም። ቪላው ወገቡ ረጅም፣ ሆዱ ዝቅ ያለ፣ ጭንቅላቱ ከባድ ነው። ጀርባው ጎበጥ ያለ መንገድ ላይ ወደ ዳር ከወጣ ያጋድላል። ዳሩ ደግሞ ዋልካ ነው፤ የአቃቂ ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት እንደ ሊጥ ጎማ ይይዛል። አንድ ጎማው አስፋልት፣ አንድ ጎማው ዋልካ ላይ ሆኖ ፍሬን የያዘ ሹፌር አለቀለት። የስልክ ሽቦ አለ። የዛፍ ቅርንጫፍ አለ። የገበያ ቀን አህያ አለ። እኔ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ከሁሉ የሚያስቸግረን ሐዲዱ ነበር። የባቡሩ መንገድ ከመሬቱ ከፍ ስለሚል፣ ስናቋርጥ የቪላው የፊት ጎማ ወርዶ የኋላው ሳይወጣ ሆዱ ሐዲዱ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ለዚህ ሁለት ወፍራም ጣውላ በላንድሮቨሩ ጭኜ እሄዳለሁ። ባቡሩ የሚያልፍበትን ሰዓት ከአባቴ እጠይቃለሁ፤ አባቴ አቃቂ ጣቢያ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ጣውላውን አነጥፌ እጄን ሳነሳ ጋሽ ወርቁ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ያዝ እያደረጉ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ያሻግሩታል።

ጋሽ ወርቁ ካስተማሩኝ አንዱን ብቻ ለይቼ ልንገራችሁ። የጭነት መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሹፌሩ ከፊትና ከኋላ ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ይጥላል። ይኼን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩን ትቶት የሚሄድ ባለጌ መዓት ነው። የጭነት መኪና ድንጋዩን ዞሮ ያልፋል፤ ቪላው መዞሪያ የለውም። ስለዚህ ድንጋይና ቅጠል ካገኘሁ ወርጄ ማንሳት ሥራዬ ነው።

«ነገር ግን» አሉኝ ጋሽ ወርቁ፣ ጣታቸውን አፍንጫዬ ድረስ አምጥተው፣ «ከማንሳትህ በፊት ምን እንደሚጠብቅ ፈልግ። ሃምሳ እርምጃ ወደ ፊት፣ ሃምሳ እርምጃ ወደ ኋላ፣ በእግርህ። ዳር ዳሩን ጎንበስ ብለህ። ቅጠሉ ከደረቀ የተረሳ ነው። እርጥብ ከሆነ ግን የቆረጠው ሰው ሩቅ አልሄደም።»

ሁለት ክረምት እንደዚያ ሠራሁ። ሃምሳውን እርምጃ ስንት ጊዜ እንደሄድኩት አልቆጠርኩም። ሁልጊዜ ያው ነበር፤ ምንም የለም፣ ባለጌ ሹፌር ትቶት የሄደ ድንጋይ ነው። በሦስተኛው ክረምት ሰለቸኝ።

በዚያ ክረምት ከአቃቂ ወደ ዱከም የሚወስደው ዋና መንገድ እየታደሰ ስለነበር፣ ቱሉ ዲምቱ ሥር ኩባንያው በችኮላ ያወጣው ተለዋጭ ኮረኮንች መንገድ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ያን ጊዜ ጤፍና ሽምብራ ነበር። ተለዋጩን መንገድ አካፋ ይዘው የሚጠብቁት እዚያው አገር የተወለዱ ገበሬ፣ ኦቦ ገመቹ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ይስተካከላል። ጉድጓድ ይደፍናሉ፣ ጎርፍ ያስለቅቃሉ፣ ቪላው ሲያልፍ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ቀይ ባንዲራ እንዲሰጣቸው ሁለት ጊዜ ጠይቀው፣ ባንዲራ ለአስፋልት ሠራተኛ ብቻ ነው ተብለው ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ፣ ኢንጂነሩ ከሚስቱ ጋር ከነቪላው ወደ ሞጆ ካምፕ ሊመለስ ነው ተባለ። መውጫው ስምንት ሰዓት ነው። እኔ መንገዱን ለማየት ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ዓርብ ዕለት ሳሪስ ቡናማ የቆዳ ጫማ ገዝቼ ነበር። ለሥራ የሚደረግ ጫማ አልነበረም። ግቢው ሁሉ እንዲያይልኝ አድርጌው መጣሁ።

ቱሉ ዲምቱ ሥር ከትንሿ የቱቦ ድልድይ ስደርስ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ስድስት ድንጋይ። በመሃሉ ሁለት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተጥሏል። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነው። የተበላሸ መኪና አይታይም። ኦቦ ገመቹም በቦታቸው የሉም። «ሰውዬው ጠላ ቤት ነው፣ ወይ ተኝቷል» አልኩ በሆዴ።

ከላንድሮቨሩ ወርጄ ደረቅ ደረቁን እየመረጥኩ ረገጥኩ። ድንጋዩን አንድ በአንድ አንስቼ ዳር አስቀመጥኩ። ቅርንጫፎቹን ወደ ቦዩ ወረወርኳቸው። እርጥብ ነበሩ። የተቆረጡበት ጫፍ ነጭ ነበር፤ ሽታቸው እጄ ላይ ቀርቷል። እርጥብ መሆናቸውን አላየሁም ብዬ ለራሴ እንኳ ዋሽቼ አላውቅም። አየሁ። ከዚያ ጫማዬን አየሁና ሃምሳውን እርምጃ ተውኩት።

ድልድዩን በላንድሮቨር ተሻገርኩ፤ ላንድሮቨር ቀላል ነው፣ ምንም አላለም። ዱከም ደርሼ ተመለስኩ። ቃሊቲ ገብቼ ወረቀቷ ላይ «መንገዱ ጭቃ፤ መሰናክል የለም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ወጣን። እኔ ከፊት፣ ቪላው ከኋላዬ። የቱቦውን ድልድይ አለፍኩ። በመስተዋቱ ሳይ የቪላው የፊት ጎማ ተሻገረ። የኋላው ግራ ጎማ ሲደርስ መሬቱ ዝም ብሎ ወረደ፤ ድምፅ እንኳ ቆይቶ ነው የመጣው። ቪላው በቀስታ ጋደለ፤ እንደገና ይቃናል ብዬ ነበር። በጎኑ ተኛ።

ሮጬ ደረስኩ። ኢንጂነሩና ሚስቱ ከፊት ወንበር ነበሩ፤ በተሰበረው መስኮት በኩል አወጣናቸው። እሷ ግንባሯ ተጫጭሯል፤ ሌላ አልተጎዳችም። ጋሽ ወርቁ ግን በመሪውና በበሩ መካከል ተይዘው ዳሌያቸው ተሰብሯል። አልጮኹም። ክሪክ አምጥቼ በሩን ሳነሳ ጆሮዬ ሥር «ሞተሩን አጥፋ፤ ቤንዚን ይፈሳል» አሉኝ። ያን ጊዜም ሥራ ላይ ነበሩ።

በኋላ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጎርፉ ከቱቦው ጎን አፈሩን በልቶ ውስጡን ባዶ አድርጎታል። ከላይ ደህና ይመስላል። ዳሩ ላይ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ከድንጋዮቹ ስንት እርምጃ እንደሆነ ለካሁት፤ አሥራ ሁለት።

ኦቦ ገመቹ ስንጥቁን ያዩት ማለዳ ነበር። ድንጋይ ደርድረው፣ ቅጠል ጥለው፣ ደንቡ በሚያዘው መሠረት አቃቂ ላለው የመንገድ ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ሊያስታውቁ በእርሻው መሃል አቋርጠው በእግራቸው ሄዱ። ኃላፊው መጀመሪያ ገና አልገቡም፣ በኋላ ለምሳ ወጥተዋል ተባሉና በር ላይ ተቀመጡ። ቪላው ሲወድቅ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው እየጠበቁ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቃሊቲ፣ የትራንስፖርት ኃላፊው አቶ ካሳ ቢሮ ተጠራን። ኢንጂነሩ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። አቶ ካሳ በዕድሜ እንደ ልጃቸው ሆነው ሳለ አንቱ ሊሏቸው የሚገባቸውን ሰው አንተ አሏቸው።

«ቦታህን ጥለህ ለምን ሄድክ?»

«ላስታውቅ ነው የሄድኩት፣ ጌታዬ። ምልክት አድርጌ ነው የሄድኩት። ስድስት ድንጋይ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ።»

«የታለ ታዲያ? ድንጋዩ በእግሩ ሄደ? ቅጠሉን ላም በላው?»

«ባሕር ዛፍ ላም አትበላም፣ ጌታዬ።»

ቃላችንን የሚጽፈው ጸሐፊ ሳቀ። አቶ ካሳ ተናደዱና ወደኔ ዞሩ። «አንተ ጠዋት አልፈሃል። ምልክት ነበር?»

ኦቦ ገመቹ አዩኝ። በቁጣ አይደለም፤ ምስክሩ የመጣለት ሰው በሚያይበት ዓይን ነው ያዩኝ። ፊርማዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጋሽ ወርቁ ሆስፒታል ነበሩ። ነበር ብል ያነሳኸው አንተ ነህ እባላለሁ፤ ከሥራ እባረራለሁ፤ ምናልባትም እታሰራለሁ። ይኼን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ጊዜ ተንፍሼ እስክጨርስ ነው።

«አላየሁም» አልኩ።

ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን ከእኔ ወደ ባርኔጣቸው መለሱ። ቦታ ጥሎ በመሄድና በሐሰት ቃል ተብለው በዚያው ቀን ተሰናበቱ። አካፋውን ግቢው ውስጥ ግድግዳ ላይ አስደግፈውት ወጡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታም አልነበረም፤ አውቄ ነው ያልኩት።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ ሰምቶ ጠበቀኝ። አቃቂ ውስጥ ወሬ ከባቡር ይቀድማል።

«ገመቹን አባረሩት አሉ?» አለኝ።

«ምልክት ሳያደርግ ሄዶ ነው፣ አባባ።»

«ገመቹ?» አባቴ የያዘውን እንጀራ ወደ ትሪው መለሰው። «አንድ ክረምት ጎርፍ ከሐዲዱ ሥር ጠጠሩን ሲወስደው፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ጣቢያችን ድረስ ሮጦ የነገረን እሱ ነው። ያን ጊዜም ሐዲዱ ላይ ነጠላውን በእንጨት ሰቅሎ ነበር የመጣው። ያ ሰው ምልክት ሳያደርግ አይሄድም።»

«እንጃ» አልኩት።

አባቴ አላፋጠጠኝም። የተለዋጩን መንገድ አሠራር አንስቶ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለና ራቱን ቀጠለ። እኔ የዚያን ዕለት ራት መብላቴን አስታውሳለሁ። መብላቴ ነው የሚገርመኝ።

ጋሽ ወርቁን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋቸው። እግራቸው በክብደት ተንጠልጥሏል።

«ምልክት ነበር?» አሉኝ፤ መጀመሪያ የጠየቁኝ እሱን ነው።

«አልነበረም ጋሼ።»

«ሃምሳውን ሄድክ?»

«ምልክት ከሌለ ምን ብዬ እሄዳለሁ?»

«እውነትህን ነው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲያ ጥፋቱ የሰውየው ነው።»

ጋሽ ወርቁ ከዚያ በኋላ መሪ አልያዙም። በምርኩዝ እየሄዱ የመሣሪያ ክፍል ሠራተኛ ሆኑ፤ መፍቻ ያስፈርማሉ፣ ክሪክ ይመልሳሉ። ቪላው ተጠግኖ ሲወጣ ማን ይንዳው ተባለ። ጋሽ ወርቁ ስሜን ጠሩ። «መንገድ የሚያይ ልጅ ነው» አሏቸው ለአቶ ካሳ። ደመወዜ አደገ፤ ካኪ ኮት ተሰፋልኝ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጋሽ ወርቁ ሲጨብጡኝ እጃቸውን ቀድሜ ለቀቅሁ።

ሦስት ዓመት ቪላውን ነዳሁ። ደህና ነዳሁ፤ ይኼን ስል አላፍርም። ሽቅብ ሲሆን ሳይዘገይ ማርሽ መቀነስ፣ ቁልቁለት በሞተር መያዝ፣ ነፋስ ሲኖር መቂ ሜዳ ላይ መሪውን ከነፋሱ አንጻር አጥብቆ መያዝ፣ ከፊት የጭነት መኪና ሲመጣ ዳር ሳይወጡ ቆሞ ማሳለፍ፤ ሁሉንም ተማርኩ። የእኔን መንገድ ተመልካች ሃምሳ እርምጃ እየሄደ እንደሆነ በሩቅ ማያ መነጽር እየተከታተልኩ እቆጣው ነበር። ልጁ «በጣም ጨካኝ ነው» ይለኝ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ።

ቱሉ ዲምቱ ሥር ባለፍኩ ቁጥር ኦቦ ገመቹ ማሳቸው ላይ ናቸው። የቪላውን ድምፅ ሲሰሙ ቀና ይላሉ። ባርኔጣቸውን ግን አያወልቁም፤ እጃቸውን ብቻ ያነሳሉ። እኔ በክላክስ እመልሳለሁ። ፍሬን ይዤ ልወርድ ያልኩበት ቀን ነበር። ኢንጂነሩ «ምነው?» ሲለኝ «ሽቦ መስሎኝ ነው» ብዬ ቀጠልኩ።

ከዚያ የስድሳ ስድስቱ ለውጥ መጣ። ኩባንያው ዕቃውን ሸክፎ ሄደ፤ ቪላው የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔ የመንግሥት ጭነት መኪና ላይ ተመደብኩ። አባቴ ጡረታ ወጣ። ሰው ሁሉ የየራሱ ጭንቅ ነበረበትና የአንድ ቱቦ ነገር የተረሳ መሰለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል የሚጠራው በራሱ ጊዜ እየመሰለኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሆኖ ነበር። ስኳር ጭኜ ከወንጂ ስመጣ ቱሉ ዲምቱ ሥር የኋላ ባሌስትራዬ ተሰበረ። ከመንገዱ መውጣት አልቻልኩም። ከኋላ ድንጋይ ደረደርኩ፤ ከዳሩ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ስታገል አንድ ሽማግሌ ማጭድ ይዘው መጡ። ምንም ሳይሉ ቆረጡልኝ። በሁለት እጃቸው ድንጋይ አምጥተው የእኔን ካስተካከሉ በኋላ ነው ቀና ብለው ያዩኝ። ኦቦ ገመቹ ነበሩ። አርጅተዋል።

«ስትሄድ ትተኸው እንዳትሄድ» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። «ኦቦ ገመቹ፣ ያን ጊዜ ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ከአቃቂ ስመለስ ድንጋዩን አየሁት። ሦስት ከዚህ፣ ሦስት ከዚያ፣ ተደርድሮ ተቀምጧል። የጭነት መኪና ሹፌር በእግሩ ገፍቶ ይሄዳል እንጂ አይደረድርም። ጭቃው ላይ ያለው የጎማ ፈለግም የላንድሮቨር ነው። ያን ጊዜ እዚህ የሚመላለስ ላንድሮቨር የማን ነበር?»

«ታዲያ አቶ ካሳ ፊት ለምን አልተናገሩብኝም?»

«ምን ብዬ? ስታነሳ አላየሁህማ። ያላዩትን አይመሰክሩም።» ማጭዱን በሣር ጠረጉት። «ደግሞ ፊትህን አየሁት። ዛሬ ባይሆን ነገ ይናገራል አልኩ። ነገው ረዘመ እንጂ።»

እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ። ሳላለቅስ ቀርቻለሁ ብል ሌላ ውሸት መጨመር ነው። ምን ላድርግልዎ አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ሥራውን ተወው፤ ግቢውም የለም። እኔ ዱሮ ለሽምግልና እጠራ ነበር። ወሰን ሲጣሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ገመቹ ይምጣ ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። ቃሉ በቢሮ የወደቀበት ሰው እንዴት ሰው ያስታርቃል? እሁድ እሁድ የገበሬ ማኅበሩ ቤት እንሰበሰባለን። መጥተህ ለእነሱ ንገር።»

«እመጣለሁ» አልኩ።

የመጀመሪያውን እሁድ አልሄድኩም። ሁለተኛውንም አልሄድኩም፤ መኪና ጋራዥ ነው ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ፤ ጋራዡ እሁድ ዝግ ነው። በሦስተኛው ሄድኩ።

የማኅበሩ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የእህል መጋዘን ነበር። ወንዶቹ ከፊት በአግዳሚ፣ ሴቶቹ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ ተነስ አለኝ። ተነስቼ ከቅዳሜው ጠዋት ጀምሬ ተናገርኩ። ድንጋዩን፣ ቅጠሉን፣ ጫማዬን ሳይቀር ተናገርኩ። አማርኛ የማይሰሙ ስለነበሩ አንድ ሰው አረፍተ ነገሩን እየያዘ ወደ ኦሮምኛ ይመልሰዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ነው የሰማሁት።

አንድ ሽማግሌ «ስንት ዓመት ሆነው?» አሉኝ።

«ዘጠኝ።»

«ዛሬ ለምን መጣህ?»

የሚያምር መልስ ፈለግሁ፤ አጣሁ። «መኪናዬ ስለተሰበረ» አልኳቸው።

ማንም አልሳቀም። ኦቦ ገመቹ አግዳሚው ጫፍ ላይ መሬት መሬቱን እያዩ ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ከበሩ በኩል አንዲት አሮጊት ተነሱ። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ነበሩ። በሰው መሃል አልፈው ፊት ለፊቴ መጥተው ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ማንም አስገድዶህ አይደለም?»

«አይደለም እናቴ።»

«ድንጋዩ ነበር?»

«ነበር።»

«ቅጠሉስ?»

«እርጥብ ነበር፣ እናቴ።»

አዴ ጫልቱ ወደ ባላቸው ዞሩ። የተናገሩትን በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፤ አስተርጓሚው ለእኔ መመለስ አልነበረበትም፣ ከልማድ የተነሳ መለሰው።

«ተኝተህ ነው ያልኩህ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በተጣላን ቁጥር፣ ተኝተህ ነው ሥራህን ያጣኸው ያልኩህ እኔ ነኝ።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ኦቦ ገመቹ ተነስተው ክንዳቸውን ያዙና ይዘዋቸው ወጡ። እኔን አላዩኝም። ሥራ እንዳሳጣኋቸው አውቅ ነበር። ሽምግልናውን ከራሳቸው ሰምቻለሁ። ቤታቸው ውስጥ ምን እንደገባ ግን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሊቀ መንበሩ አመሰገነኝ። ምስጋናው ከስድብ በላይ ነበር። በእግሬ እስከ አስፋልቱ ሄጄ ሚኒባስ ጠበቅሁ። በሳምንቱ ጋሽ ወርቁ ዘንድ ሄጄ ለእሳቸውም ነገርኳቸው። ምርኩዛቸውን ወደ በሩ ቀስረው «ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ። እስኪሞቱ ድረስ አልጠሩኝም።

ሠላሳ አራት ዓመት ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ለእናንተ ለአሁን ሹፌሮች የምለው ይኼን ብቻ ነው። መንገድ ላይ ያላስቀመጣችሁትን ምልክት ከማንሳታችሁ በፊት ወርዳችሁ ሃምሳ እርምጃ ሂዱ። አንስታችሁት ጥፋት ከመጣ ደግሞ ያነሳሁት እኔ ነኝ በሉ፤ በዚያው ቀን።